ምጣድና ሳሙና

በጎ አሳብ ያለ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያጠፋ ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን የእናቴ ምጣድ ነው።

ተማሪ ሳለሁ ለዕረፍት ወደ መርሳ ተመለስሁ። መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ስለ ንጽሕና የተማርሁት ገና ትኩስ ነበርና፥ የምጣዱ መጥቆር አሳፈረኝ። እናቴ ገበያ እስክትወጣ ጠብቄ፥ ቀዩ ሸክላ እስኪታይ ድረስ በአሸዋና በሳሙና ፈገፈግሁት። ከዚያም ምስጋና እጠባበቅ ጀመር።

«ምነው ልጄ! የስንት ዓመት ድካሜን አጥበህ ደፋኸው?» አለችኝ።

በማግሥቱ የጎረቤት ለቅሶ ነበረ። እናቴ ማልዳ ሊጡን ብታሰፋው እንጀራው አልነሣ አለ፤ እየተቆራረሰ ምጣዱ ላይ ቀረ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጇን መግባት ስላልሆነላት፥ ከሌላ ቤት ምጣድ ለምና ጋገረች። እኔም የማገዶ ጢሱን ምክንያት አድርጌ ዓይኔን እጠርግ ነበር።

ከለቅሶው መልስ ምጣዱን እንደ አዲስ አሟሸችው። በዝግታ አሞቀችው፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር በተነችበት፤ እስኪጠቁር ድረስ በማሰሻ ጨርቅ ደጋግማ አሸችው። ምክንያቱ በኋላ ገባኝ። ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው የዘሩን ቅባት ይጠጣል፤ ቅባቱም በእሳት ኃይል ደርቆ ስስ ልባስ ይሆናል። እንጀራውን የሚያስነሣው ይኸው ልባስ ነው። እኔ እድፍ ያልሁት ጥቁረት የምጣዱ ሀብት ኖሯል።

ዓመታት አለፉ። እኅቴ ለሥራ ከሄደችበት ዐረብ አገር ስትመለስ የሲሊኮን የኬክ ቅርጽ ማውጫ ይዛ መጣች፤ እንደ ላስቲክ ይተጣጠፋል። እናቴ በምጣዱ ሕግ በጨርቅ ብቻ እየወለወለች ታስቀምጠው ጀመር። ጥቂት ጊዜ እንደተጋገረበት ግን እጅ ላይ የሚጣበቅ፥ የቆየ ዘይት የሚሸት ሆነ፤ ኬኩም ያዘ።

ሸክላና ሲሊኮን የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ሲሊከንና ኦክስጅን አሉ። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሲሊኮን በተፈጥሮው ኬክ አይዝም፤ የሚያበላሸው ሳይታጠብ የቀረው ቅባት በየጊዜው ሲጋገርበት ነው። ስለዚህ እኅቴ በሙቅ ውሃና በሳሙና፥ በለስላሳ ስፖንጅ አጠበችው። አልለቅ ያለውን ቅባት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሳ ቀባችውና ጥቂት ቆይታ አሸችው። የሳሙና ሽታ እንዳይቀርበት ደጋግማ አለቀለቀችው፤ አድርቃም አስቀመጠችው። «ቢላዋና የሽቦ መፈግፈጊያ አይንካው፤ እሳት ላይም በቀጥታ አይጣድ» ስትል አስጠነቀቀች።

እናቴ ይህን ሰምታ ሳቀች። «እንግዲያስ ልጄ፥ ያን ጊዜ ጥፋትህ ዕቃውን አለማወቅህ እንጂ ሳሙናውስ ደኅና ነበር» አለችኝ።

ይህ አነጋገሯ ሥራ ከያዝሁ ወዲህ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። በየመሥሪያ ቤቱ የጠቆረ ልማድ አይጠፋም፤ አንዳንዱ ጎመን ዘር ነው፥ አንዳንዱም የከረመ ዘይት። አዲስ ሥራ የምትይዝ ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፥ ሳሙናውን ከማንሣት በፊት በምጣዱ ስትጋግር የኖረችውን መጠየቅ ነውር የለውም።