አሥራ አራቱ መርፌዎች

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ነገ ሌሊት በ11 ሰዓት መናኸሪያ መድረስ ስላለብሽ ዛሬ ማታ ቤቱ በሰው ይሞላል። እናትሽ በሶውንና ድርቆሹን ስትቋጥር፣ ጎረቤቱ ተራ በተራ ሲመርቅሽ፣ እኔ የምለው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጽፌ ሻንጣሽ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለሥራ የምትሄጂበት መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እኛ ካለንበት ደግሞ ይብሳል። ደርሰሽ አረፍ ስትዪ አንብቢው።

የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሽ የሰፈር ውሻ ባትሽን ነከሰሽ። ውሻው በሁለተኛው ቀን ሞቶ ተገኘ። ያን ጊዜ የሚሰጠው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ነበር፤ ዛሬ ፋርማሲስት ሆነሻልና ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። 14 ቀን በተከታታይ፣ ሆድ ላይ። በየማለዳው አዝዬሽ እሄዳለሁ፤ እዚያ ስንደርስ ሁለት እጆችሽን አጥብቄ የምይዘው እኔው ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ነርሷን ቀና ብለሽም አላየሻት። እኔን ነበር ያየሽው። «አባዬ፣ ምን አደረግሁህ?» አልሽኝ። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት እንደሌለው ለአምስት ዓመት ልጅ እንዴት ይነገራል? ዝም ብዬ ያዝሁሽ። ማታ ግን እዚያው እኔ ጉልበት ላይ ተኛሽ። ቀን የያዘሽን እጅ ማታ ተንተርሰሽው ማደርሽ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በዘጠነኛው ይሁን በአሥረኛው ቀን አልጋው ላይ ራስሽ ወጣሽ። ታለቅሺ ነበር። ሆድሽ ቆሳስሎ መርፌው ከበፊቱ ይልቅ ያምሽ ነበር። ሆኖም ማንም ሳይጎትትሽ ወጥተሽ ተኛሽ፤ ከዚያም እጅሽን ዘርግተሽ የእኔን እጅ ፈለግሽ። ለእግዚአብሔር መታዘዝ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ብዙ ሰው የታዘዘ የማያለቅስ ይመስለዋል። ጌታችን በጌቴሴማኒ ወድቆ ጽዋው እንዲያልፍ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ ሲለምንም የጠራው አባ ብሎ ነው። ጽዋው አላለፈም፤ እሱም አባቱን አልተጠራጠረም። እዚያ አገር ዝናቡ ሲበዛ፣ ማታ ብቻሽን ስትሆኚ አልቅሺ። ለምን ብለሽ እግዚአብሔርን ጠይቂው። ኢዮብም ኤርምያስም ጠይቀዋል። መልሱ ቢዘገይ እንኳ ከጉልበቱ ላይ አትነሺ።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቺ። የሚያም ነገር ሁሉ የእግዚአብሔር መርፌ አይደለም። ሰው ቢበድልሽ ፈቃዱ ነው ብለሽ አንገትሽን አትድፊ፤ እግዚአብሔር ነገረኝ እያለ ሊያዝሽ የሚመጣውንም ሁሉ አትመኚ።

አባት ሲባል ደግሞ የእኔን መልክ አጉልተሽ ሰማይ ላይ አትሳዪ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሽ 50 ብር ሰረቅሽ ብዬ ገረፍሁሽ። ከሳምንት በኋላ ብሩን ኮቴ ገበር ውስጥ አገኘሁት፤ ይቅርታ መጠየቅ አፍሬ ከረሜላ ይዤልሽ ገባሁ። ይኸው ዛሬ ይቅር በዪኝ። የዕብራውያን መልእክት ሥጋውያን አባቶች መልካም መስሎ እንደታያቸው እንደሚቀጡ ይናገራል፤ ከነዚያ አንዱ እኔ ነኝ። የሰማዩ አባትሽ ግን ኪሱን ሳይፈትሽ ልጁን አይመታም።

ስለ ሥራሽ የምነግርሽ ይህን ነው። ዕድሜዬን የጨረስሁት ግምጃ ቤት ውስጥ እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንድ ጊዜ ያልገባ ዕቃ እንደገባ አድርጌ ሞዴል 19 እንድቆርጥ ታዘዝሁ። አልቆረጥሁም። እድገቴ ለሌላ ተሰጠ፤ ጡረታ እስክወጣም ተመልሶ አልመጣም። በሌላ በኩል ተካስሁ ብዬ ነገሩን ላሳምርልሽ አልፈልግም። ብቻ በዚያው ደመወዝ አንቺም ወንድሞችሽም አድጋችኋል፤ አንድም ቀን ሳትበሉ አላደራችሁም።

እንደ እኔ ያለ ንብረት ጠባቂ እስራኤላውያን በምድረ በዳ የበሉት የመናው ታሪክ ይከብደዋል። በነፍስ ወከፍ አንድ ጎሞር፣ እሱም የዕለቱ ብቻ። ለነገ ያሳደሩት ተላና ሸተተ፤ ለሰንበት ተብሎ በዋዜማው የተሰበሰበው ብቻ ደህና አደረ። 40 ዓመት እንዲህ ኖሩ። መጋዘን ካልሞላ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነበርሁና እግዚአብሔር ለምን የዓመቱን ቀለብ አንዴ አይሰጣቸውም እል ነበር። ልጆች ከወለድሁ በኋላ ገባኝ። የዓመቱን አንዴ ቢሰፍርላቸው ኖሮ በየማለዳው ደጅ ወጥተው እጁን ባላዩ ነበር።

አንቺም የመድኃኒት መጋዘን ቁልፍ ትይዣለሽ። የጎደለውን ሞልቷል ብለሽ ፈርሚ የሚልሽ ቢመጣ፣ ድምፅሽን ሳታነሺ በትሕትና እንቢ በይ። ያ መድኃኒት ከመደርደሪያው ሲጠፋ ባዶ እጇን የምትመለስ እናት አለች፤ እሷም የእግዚአብሔር ልጅ ናት። እንቢ ማለትሽ ዋጋ ቢያስከፍልሽ ጻፊልኝ፤ አብረን እንሸከመዋለን።

መቱ እንደገባሽ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፤ ሳይውል ሳያድርም የንስሐ አባት ያዢ። ኦሮምኛውን በደንብ ተማሪ፤ የታመመ ሰው መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ በቋንቋው ሊነገረው ይገባል። ጠዋት ቁልፉን ከማንሳትሽ በፊት አባታችን ሆይን ድገሚ፤ ስትደግሚም የመጀመሪያው ቃል ላይ ትንሽ ቆዪ። ቸኩለሽ አትለፊው።

እሁድ ማታ ደውይልን። እናትሽ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ከእጇ አታወጣውም።

አባትሽ