የጎልጎታ አፈር፣ የኡምዱርማን አፈር

ላሊበላ ስገባ ዓይኔን የያዘው በቤተ ማርያም ላይ የተዘረጋው ጣሪያ ነው። ወደ ሱዳን ስሄድ አልነበረም፤ ዝናብ እንዲከልሉ ተብለው በ2000 ዓ.ም. ከተተከሉት አንዱ ነው። እኔ አልወደድኩትም፤ ሰማዩን ጋረደብኝ። ዐለቱን ቀርቤ ሳየው ግን እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል፣ አንዳንድ ቦታ ሲዳስሱት ይፈረፈራል። ምን ይደረግ!

ሰው ዛሬም ከዚሁ ዐለት ፈውስ ይሻል። በቤተ ማርያም ግቢ ከዐለቱ በተፈለፈለው ገንዳ ልጅ ያጡ ሴቶች በገና ሰሞን ይጠመቁበታል። ይበልጥ የሚፈለገው ከቤተ ጎልጎታ የሚወጣው አፈር ነው። ንጉሥ ላሊበላ ያረፈበት ነውና ከደዌ ያድናል ይባላል። ጎልጎታ ደግሞ ሴት አትገባም። እማዬ ጉልበቷ ካስቸገራት ቆይቷል፤ ደግፌያት ከደጅ ቆመን፣ አንድ ዲያቆን በወረቀት ጠቅልሎ እስኪያወጣልን ጠበቅን። ልጅ ሳለሁ እንዲህ መጠበቁ አይከነክነኝም ነበር።

አሁን የከነከነኝ በካርቱም ምክንያት ነው። እዚያ ሳለሁ ወገቤን ቢያመኝ አሠሪዬ ኡምዱርማን፣ ሼኽ ሐመድ አል ኒል መቃብር ወሰደችኝ። ዓርብ ከሰዓት ነበር። አረንጓዴና ቀይ የለበሱ ደርቪሾች በከበሮ እየዞሩ ዚክር ያደርጋሉ፤ ዕጣኑና አቧራው ተቀላቅሎ ይነሣል። ጥምቀት ላይ ያለሁ መሰለኝ። እሷም ከመቃብሩ ዘንድ በእጇ አፈር ዘግና ወገቤን አሸችልኝ፤ የሚያወጣላት ዲያቆን አላስፈለጋትም። እዚያም ቢሆን ሁሉም አይስማማበትም፤ አንሷር አል ሱና የሚባሉት ሙስሊሞች የመቃብር በረከት መሻትን አጥብቀው ያወግዛሉ። የእኛም ሰባኪዎች ስለ እሷ አፈር ቢጠየቁ ከዚህ የተለየ የሚሉ አይመስለኝም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቅዳም ስዑር፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። እኔ በመተማ ወጣሁ፤ አሠሪዬ ወዴት እንደሄደች እስካሁን አልሰማሁም።

ማታ እማዬ ከጤና ጣቢያ የሰጧትን ክኒን ዋጥ አድርጋ፣ አፈሩን በውሃ በጥብጣ ጉልበቷን ስትቀባ ይህን ሁሉ አጫወትኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

«የእስላም መቃብር አፈር?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ተሻለሽ?»

«ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ቆንጠር አድርገሽ አታመጪልኝም ነበር?»