የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ሐዋሳ ፒያሳ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ሒሳብ እየጠበቅኩ ነው። ግድግዳው ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ተሰቅሏል፤ ከመሙላቱ የተነሣ ወረቀቱ በቀዳዳው ብቅ ብሏል። አስተናጋጁን «ማን ነው የሚከፍተው?» አልኩት። ሳቀ። «ቁልፉ የድሮው ማናጀር ጋ ቀርቷል፤ እሱ ደግሞ ከለቀቀ ቆየ።»

አሁን አሁን የአስተያየት ሳጥን ቴሌግራም ገብቷል። ሰው ይጽፋል፣ አድሚኑ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» ይላል፣ አለቀ። ቁልፉ ግን ያው የድሮው ማናጀር ኪስ ውስጥ ነው።

ሐሳብ መሰብሰብ አይከብድም፤ ከባዱ ማበጠሩ ነው። የአሜሪካው የቡና መሸጫ ኩባንያ ስታርባክስ በ2008 እ.ኤ.አ. ደንበኞቹ በኢንተርኔት ሐሳብ የሚሰጡበትና በሌላው ሐሳብ ላይ ድምፅ የሚሰጡበት መድረክ ከፍቶ ነበር። በ5 ዓመት ከ150 ሺህ በላይ ሐሳብ ጎረፈለት፤ ሥራ ላይ የዋለው 277 ነው። ከሺህ ሁለት እንኳ አይሞላም! ከነዚያ አንዷ፣ ቡናው መንገድ ላይ እንዳይፈስ የክዳኑን ቀዳዳ የምትደፍን ትንሽ አረንጓዴ መሰኪያ ናት።

በቁጥሩ ማነስ አልፈርድም። አንዱን ነገር ሺህ ሰው በሺህ አነጋገር ይለዋል፤ ያንን አንድ ላይ የሚሰበስብ፣ ስሞታውን ከሐሳቡ የሚለይ፣ ወጪውን የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል። የመጫወቻ አምራቹ ሌጎ ደንቡን አስቀድሞ ይናገራል፦ 10 ሺህ ደጋፊ ያገኘ ንድፍ ለግምገማ ይቀርባል፤ ተመርቶ ከተሸጠ፣ ሐሳቡን ላመጣው ሰው ከሽያጩ 1 በመቶ ይደርሰዋል። የወደቀውም ቢሆን የት ጋ እንደወደቀ ያውቃል።

ድምፅ ቆጠራ ብቻውን የማያነሣው ነገርም አለ። ይህን እኛ የሲዳማ ቡና አገር ሰዎች እናውቀዋለን። ያንን መድረክ ከመክፈቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ ስታርባክስ በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋጨፌ የቡና ስሞች ባለቤትነት ጉዳይ ከኢትዮጵያ ጋር የተስማማው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። የረድኤት ድርጅቱ ኦክስፋም በመራው ዘመቻ ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች ለኩባንያው ጽፈዋል። ቡናውን የሚለቅመው ገበሬ ስኒውን የሚገዛ ደንበኛ ስላልሆነ፣ የደንበኞች ድምፅ ሲቆጠር እሱ አይቆጠርም። ስለዚህ የሚያበጥረው ሰው «ማን ብዙ ድምፅ አገኘ?» ብሎ ሲጨርስ «ማን እዚህ የለም?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

ከካፌው ወጥቼ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወረድኩ። እዚያ የጀበና ቡና የሚያፈሉ አንድ እናት አሉ። ፀሐዩ ቢያቃጥለኝ «እትዬ፣ በርጩማዎቹን ከዛፉ ሥር ቢያስጠጓቸው ምን ነበረበት?» አልኳቸው። ቀና ብለው ቅርንጫፉን አዩና «ልጄ፣ ከዚያ ሥር ብትቀመጥ አሞራው ስኒህ ውስጥ ኩሱን ይጥልልሃል» አሉኝ።

ሐሳቤ ውድቅ ሆነ፤ አልከፋኝም። በማግስቱም እዚያው፣ ፀሐዩ ላይ ተቀመጥኩ።