ዓሣው አልታመመም፤ የታመመው ውሃው ነው

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዓሣ ኩሬ ነው። የምጀምረው ግን ከራሴ ስህተት ነው። እኔ በሰው ንብረት የተማርኩትን እናንተ በነጻ ብትማሩት ይሻላል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ። ከደብረ ታቦር ወደ ፎገራ ሜዳ ቁልቁል ሲወረድ ኩሬ ያላቸው አንድ አባት ናቸው። «ልጄ፣ ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው እያዛጉ ነው፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ። እኔም ነገሩን ሳላጣራ «በሽታ ይሆናል አባቴ፤ ቢሮ ሲከፈት መድኃኒት ጠይቄ እመጣለሁ» አልኳቸው።

ስደርስ ረፋድ 4 ሰዓት ሆኗል። ትልልቆቹ ቆሮሶዎች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈዋል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ኩሬው ዳር ተቀምጠዋል። ለመስከረም የልጆቹ ደብተርና ልብስ የሚገዛው ከዚያ ኩሬ ነበር። አልተቆጡኝም፤ «የእግዜር ሥራ ነው ልጄ» ብቻ አሉኝ። እኔ ግን ውሃውን ሳየው ገባኝ። እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል፣ የአተላ ሽታ አለው። ጫጩቶቹ ግን በሕይወት አሉ፤ አምባዛዎቹም ምንም አልሆኑም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ቀን ፀሐይ ሲያገኝ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ደግሞ እሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ በኩሬ ውስጥ ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። በዚያ ሰሞን ሰማዩ ሦስት ቀን ሙሉ ደመና ነበር። አባታችንም ዓሣው ቶሎ እንዲደልብ ብለው እርጥብ ፍግና አተላ ጨምረዋል። ያ ሁሉ ሲበሰብስ የቀረችውን ኦክስጅን ጨረሳት። አምባዛ ከውሃው በላይ ወጥቶ አየር መተንፈስ ስለሚችል ተረፈ፤ ቆሮሶ ግን አይችልም። እንግዲህ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው መድኃኒት ሳይሆን ባልዲ ነበር!

ስለዚህ ዓሣችሁ ሲሞት መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት አሟሟቱን እዩ።

ጠዋት ጠዋት ብዙዎቹ አንድ ላይ ወደ ላይ ወጥተው ካዛጉ፣ ትልልቆቹም ቀድመው ከሞቱ፣ የኦክስጅን እጥረት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ቀን በሰዓታት ውስጥ ትንሹም ትልቁም፣ እንቁራሪቱም ጭምር ካለቀ መርዝ ገብቷል ማለት ነው። ከላይ ያለው የሽንኩርት ማሳ ተረጭቶ ይሆን? የመርጫው ዕቃ በቦዩ ታጥቦ ይሆን? ብርብራንም አትርሱ። በጣና ገባር ወንዞች ዓሣ የሚያጠምዱበት ያ የብርብራ ዱቄት ወደ ኩሬያችሁ ከገባም የሚሠራው ያንኑ ነው። እንዲህ የሞተ ዓሣ አይበላም፣ ለውሻም አይሰጥም፤ ይቀበራል።

ዛሬ ሁለት፣ ነገ ሦስት እያለ ቀስ በቀስ ከሞተ፣ ገላው ላይ ቁስል ወይም ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ፣ ያኔ በሽታ ነው። የጆሮውን ክዳን ገልጣችሁ ስንጥቡን እዩ፤ የጤነኛ ዓሣ ስንጥብ ደማቅ ቀይ ነው። ከገረጣ ወይም ከዝላገ ችግር አለ። የታመሙትን ለይታችሁ በ20 ሊትር ውሃ 200 ግራም ጨው አሟሙታችሁ 10 ደቂቃ ያህል አቆዩአቸው። አጠገባቸው ሁኑ፤ ወደ ጎን መጋደም ከጀመሩ ወዲያው አውጧቸው። ይህም ቢሆን ውሃው ካልተስተካከለ ፋይዳ የለውም።

የኦክስጅን እጥረት ከሆነ አንድም ሰዓት አትጠብቁ። መኖና ፍግ አቁሙ። ከኩሬው ሥር ሩቡን ያህል ውሃ ልቀቁና ንጹሕ ውሃ አስገቡ። ሲገባ ከከፍታ ድንጋይ ላይ እየወደቀ ይግባ፤ የምንጭና የጉድጓድ ውሃ ራሱ አየር ካላገኘ ኦክስጅኑ ትንሽ ነው። የመስኖ ፓምፕ ያላችሁ የኩሬውን ውሃ ስባችሁ ወደ ላይ እየረጫችሁ መልሱት። ምንም ከሌለ ቤተሰቡ በባልዲ እየቀዳ ከፍ አድርጎ ይድፋው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ዓሣ ያድናል።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በክንዳችሁ ለኩት። እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውሃው አስገቡ። ውሃው ክርናችሁ ጋ ሲደርስ መዳፋችሁ ከእይታ ከጠፋ ጥሩ ነው። ገና ክርናችሁ ሳይደርስ ከጠፋ አልጌው በዝቷል፤ ፍግ አቁሙ። ክርናችሁን አልፎም ጣታችሁ ከታየ ውሃው የተፈጥሮ ምግብ አንሶታል። ይህ ለአረንጓዴ ውሃ ነው። ውሃው በጭቃ ከደፈረሰ ግን መፍትሔው ከኩሬው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር ነው።

የደጋ ሰዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ። ቆሮሶ የሞቀ ውሃ ይወዳል፤ ውሃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላት ያቆማል። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ «ከሳብኝ» ብላችሁ ፍሩሽካና ፋጉሎ ብትጨምሩ ሥር ወርዶ ይበሰብሳል፣ አሞንያም ሆኖ ዓሣውን ይመርዛል። ፀሐይ ውሃውን ካሞቀች በኋላ ጥቂት ስጡ፤ በሩብ ሰዓት ካልጨረሱት ቀንሱ። ኩሬውን ባዶ ስታደርጉ ደለሉን ጥረጉ፣ አድርቁት። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ የግብርና ኖራ በትኑ፤ የቤት መቀቢያውን የሚያቃጥል ኖራ ግን ዓሣ ባለበት እንዳትጨምሩ።

እኚያ አባት ዘንድሮ እንደገና ጫጩት አስገብተዋል። ደመና በበዛበት ሰሞን ሊነጋ ሲል ባትሪ ይዘው ኩሬውን ያያሉ፤ ባልዲውም ዳር ላይ ተቀምጧል። ያምናው ገንዘብ ግን አልተመለሰም፤ እሱ የእኔ ዕዳ ነው። አሁን ማንም ሌሊት ቢደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ውሃው ምን ይመስላል?» ብዬ ነው። እናንተም ፎቶ ስትልኩልኝ የሞተውን ዓሣ ብቻ አታንሱ፤ ውሃውንም አንሱልኝ። ኩሬ ላለው ጎረቤታችሁም ይህን አንብቡለት።