ጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ምን ይሁን?

እኛ መንትያ ነን። ደንዲ፣ ጊንጪ ከተማ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 1991 ዓ.ም. ተወለድን። እናታችን ቀኑን አትስተውም፤ ከሩፋኤል በሦስተኛው ቀን፣ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ነው ምጥ የያዛት። ወረቀቱ ግን ሌላ ያወራል። በወረቀት አንዳችን በ1991፣ ሌላችን በ1992 ነው የተወለድነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳችን ለመመዝገብ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። መዝጋቢው ኮምፒውተሩ ላይ የወሮቹን ዝርዝር ከፈተ፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ... አለቀ። "እህቴ፣ ጳጉሜን እኮ እዚህ የለም፤ ነሐሴ 30 ልበለው?" አለ። እሺ አልን። ሌላችን በሌላ ቀን፣ በሌላ ቢሮ፣ በፈረንጆቹ "ሴፕቴምበር 11 ቀን 1999" ብለን ሰጠን። ያኛው ኮምፒውተር ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ምንጊዜም እንቁጣጣሽ ይመስለዋል፤ መስከረም 1 ቀን 1992 አደረገን። ጳጉሜን 6 ስትሆን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 እንደሚውል የነገረው የለም።

ስቀን ነበር። አባታችን አርፎ ለወራሽነት ስንቀርብ ግን ሳቁ ቀረ። "መንትያ ከሆናችሁ ይሄ ምንድነው?" ተባልን። በሐዘን ልብስ ምስክር ፍለጋ ዞርን።

ኢንጂነር ጓደኛችንን ጠየቅነው። ሲስተም ከመሠራቱ በፊት ምን ማድረግ እንዳለበት በዝርዝር ይጻፋል፤ ሪኳየርመንት ይሉታል። የተጻፈው ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ጣጣው ያልተጻፈው ነው። ፈተናውም ከዚያው ዝርዝር ስለሚወጣ፣ ዝርዝሩ ላይ የተረሳ ፈተናው ላይም ይረሳል። እናላችሁ፣ ፕሮግራሙ መቶ ከመቶ አምጥቶ ያልፋል፤ የምንወድቀው እኛ ነን።

ናሳም አልቀረለትም። እኛ ሦስት ወር ሳይሞላን፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1999፣ "ማርስ ፖላር ላንደር" ማርስ ላይ ልታርፍ ስትል ድምፅዋ ጠፋ። መርማሪዎቹ ከሁሉ ይልቅ ያመዘነላቸው ምክንያት ይሄ ነው፦ እግሮቿ ሲዘረጉ የተፈጠረውን ንቅናቄ ሶፍትዌሩ "መሬት ነካን" ብሎ ወስዶ፣ 40 ሜትር ገደማ ሲቀራት ሞተሯን አጠፋባት። ያን የውሸት ምልክት ናቀው የሚል ነገር በሶፍትዌሩ ሪኳየርመንት ላይ በግልጽ አልሰፈረም ነበር።

መፍትሔው ምን ይሆን? ጓደኛችን እንደሚለው ቅጹ የሚነካውን ሰው ሁሉ መጠየቅ፣ የዳር ቀኖችን (ጳጉሜን 5ን፣ ጳጉሜን 6ን፣ መስከረም 1ን) አንድ በአንድ መሞከር፣ ከእያንዳንዱ "ከሆነ" ኋላ "ካልሆነስ?" ማለት። ሥራውን ያልሠራ የውጭ ሰው ዝርዝሩን እንዲያነብም መስጠት፤ የጻፈው ሰውማ የዘለለውን መልሶ ይዘልለዋል።

የሚገርመው የእውቀት ችግር አለመሆኑ ነው። "የ13 ወር ፀጋ" እያልን ለቱሪስት ስንሸጠው የነበረውን ወር ኮምፒውተር ላይ ስንደርስ 12 አደረግነው። ያን ዝርዝር የጻፈው ሰውም ጳጉሜን ያውቃል፤ በልጅነቱ በሩፋኤል ዝናብ ሳይጨፍር አልቀረም።

ሁሉን ለእናታችን ስናስረዳት ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦

"እና ልጆቼ፣ ይሄን ሲሠሩ ጳጉሜን የወለደች እናት አጥተው ነው?"