ቶምባክ በመተማ

የስዊድኑን ስኑስ ከከንፈሬ ሥር ማኖር የለመድሁ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ አጥብቄ ፈልጌ ያጣሁትን የሱዳን ቶምባክ ገንዳ ውሃ ላይ አገኘሁት። የተፈጨ ብርቱ ትምባሆ ከአትሩን ጋር ተለውሶ ነው የሚሠራው። ቆንጠር አድርጌ ብይዘው አፌ ነደደ፣ ራሴ ዞረ። ስኑስ በእንፋሎት ስለሚታከም መርዙ ይቀንሳል፤ እየተብላላ በሚቆየው ቶምባክ ውስጥ ግን ካንሰር አምጪው ናይትሮዛሚን እጅግ ይበዛል።

በ1881 ዓ.ም. እዚሁ መተማ ላይ የተፋለሙት አፄ ዮሐንስ 4ኛና ማህዲስቶቹ፣ በሌላው ሁሉ ባይስማሙም፣ ትምባሆን በመከልከል አንድ ነበሩ። ሁለቱም መንግሥታት አለፉ፤ ትምባሆው ቀረ። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ይከለክላል። ከእኔ ቀጥሎ የገዛው ልጅ ግን ጢም እንኳ አላበቀለም፤ ዕድሜውን የጠየቀው የለም። በፌስታል በተቋጠረችው ቶምባክ ላይም አንዲት የማስጠንቀቂያ ቃል አልነበረችም። እንግዲህ ክልከላው ካልደረሰለት፣ እውነቱን እንኳ ማን ይንገረው?