የፋኖሳችን ጥቀርሻ

ካርቲየ 2 ውስጥ መብራት በጠፋ ምሽት ፋኖስ ለኩሰን ይህን ጽሑፍ ጀመርን። ክሩ ከመጠን በላይ ወጥቶ ኖሮ መስታወቱ ጠቆረ፤ ፊደሉ ተሰወረብን፤ አጠገባችን የተኛው ሕፃንም ሳለ።

የሐምሌ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ብርሃንን ይበትናል፤ ሰማዩን ያነጣል። ጥቀርሻ ግን ብርሃንን ውጦ ሙቀት ያደርገዋል። ቅንጣቶቹ እያንዳንዳቸው ከሚሊሜትር 10,000ኛ እጅ ቢያንሱም ተያይዘው ሰንሰለት ይሆናሉ።

ፋራዴይ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1860 በጀመረው ትምህርት ለለንደን ልጆች እንዳስረዳው፣ ቢጫው ብርሃን ራሱ በነበልባሉ ውስጥ የጋለ ጥቀርሻ ነው። ሳይነድ ያመለጠው ግን መስታወትንም ደረትንም ያጠቁራል።

ወገኖቻችን፣ ክሩን ዝቅ፣ መስኮቱን ከፈት አድርጉ። እኛም እንዲሁ አድርገን ይህን ጨረስን።